ዲያሌክትና ዲያሌክቲክ የአንድ እናት ልጆች ናቸው

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ሳይመካከሩ አንድ ቃል ዙሪያ ተሰባስበዋል። ግሪክ አገር ብዙ ዘመን ስለኖርኩ፣ ቋንቋውንም እዚያው ስለተማርኩ ደስ እያለኝ ነው የምመልሰው። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ስል አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ ባሕር ዳር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በዚህ ሴሚስተር የሥነ ልሳን መምህራችን ‹ዲያሌክት› ይላሉ፤ የጎጃምና የወሎ አነጋገር ማለታቸው ነው። የፍልስፍናው መምህር ደግሞ ‹ዲያሌክቲክ› ይላሉ፤ ሄግልና ማርክስ ይመጣሉ። ጓደኛዬ የቃላቱ መመሳሰል አጋጣሚ ነው ብሎ ድርቅ አለብኝ። እውነት አጋጣሚ ነው?»

መልስ፦ አጋጣሚ አይደለም። ሁለቱም ከአንድ የግሪክ ግስ የወጡ ናቸው። ግሱ «ዲያሌጌስታይ» ነው፤ መነጋገር፣ መጨዋወት ማለት። «ዲያ» በመካከል፣ ከዚህ እስከዚያ የሚል ስሜት ይሰጣል። «ሌጌይን» ደግሞ መናገር ነው። «ሎጎስ»ም የዚሁ ሥር ልጅ ነው። የዮሐንስ ወንጌል ሲጀምር «ቃል» ተብሎ የተተረጎመልን እሱ ነው።

«ሌጌይን» ግን ከመናገር በፊት ሌላ ሥራ ነበረው። መልቀም፣ መሰብሰብ ማለት ነበር። በጥንቱ ገጣሚ በሆሜር ግጥም ውስጥ የወዳጁ የፓትሮክሎስ ሬሳ ከተቃጠለ በኋላ ጦረኛው አኪሌስ አለቆቹን «አጥንቱን እንልቀም» ሲላቸው የሚጠቀመው ይህንኑ ግስ ነው። ከመልቀም ወደ መቁጠር፣ ከመቁጠር ወደ መተረክ፣ ከዚያ ወደ መናገር ተሻገረ።

ያ የጥንቱ ትርጉም ዛሬም አልሞተም። አቴንስ፣ ኪፕሴሊ የሚባል ሰፈር ስኖር በሳምንት አንድ ቀን መንገዱ ይዘጋና ገበያ ይቆማል። ግሪኮች «ላይኪ» ይሉታል። ቲማቲም ሻጩ ከክምሩ ኋላ ቆሞ «ዲያሌክስቴ! ዲያሌክስቴ!» እያለ ይጮኻል። «ምረጡ! እየመረጣችሁ ውሰዱ!» ማለቱ ነው። ሴቶቹ አንድ በአንድ እያገላበጡ፣ በአውራ ጣታቸው ጫን እያሉ፣ የላላውን ወደ ክምሩ ይመልሳሉ፤ ጠንካራውን ከረጢታቸው ውስጥ ይጨምራሉ። በዛሬው ግሪክኛ «ዲያሌጎ» ማለት እመርጣለሁ ማለት ነው።

በኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ ዜኖፎንን ሳነብ ይኸው ነገር ጠበቀኝ። ዜኖፎን የሶቅራጥስ ወዳጅ ነበር። እንደጻፈው ከሆነ፣ ሶቅራጥስ «መነጋገር» የሚለው ቃል የወጣው ሰዎች ተሰብስበው ሲመክሩ ነገሩን በየዓይነቱ እየለዩ ስለሚለቅሙ ነው ይል ነበር። ይህን ሳነብ ቶሎ የመጣብኝ የነዚያ ሴቶች አውራ ጣት ነው። መነጋገር ማለት ለካ አንዱ ያቀረበውን ሌላው ጫን ብሎ ማየት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ግስ ሁለት ልጆች ተወለዱ። አንደኛዋ «ዲያሌክቶስ» ናት። (በግሪክኛ አንስታይ ስለሆነች ነው «ናት» የምላት፤ መድረሻዋ ግን የወንድ ይመስላል፤ ተማሪ ሁሉ እዚያ ላይ ይደናቀፋል።) መጀመሪያ ጭውውት ማለት ነበረች። ቀጥላ የሰው ንግግር፣ በመጨረሻም የአንድ አገር ሰው አነጋገር ሆነች። አርስቶትል ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ ሦስት ነገር ይለያል፦ ኮሽታ፣ ድምፅና ዲያሌክቶስ። ድምፅ ሳንባና ማንቁርት ያለው ፍጡር ሁሉ ያወጣል። ዲያሌክቶስ ግን ያንን ድምፅ በምላስ ከፋፍሎ ቃል ማድረግ ነው። እዚያው ላይ አንድ የምወዳት ነገር አለች፦ የአንድ ዘር እንስሳት እንኳ ድምፃቸው እንደ አገሩ ይለያያል ይላል። ምሳሌው ቆቅ ናት። አንዷ ትንቃቃለች፣ ሌላዋ በቀጭኑ ሲር ትላለች።

ሁለተኛዋ ልጅ «ዲያሌክቲኬ» ናት። ሙሉ ስሟ «ዲያሌክቲኬ ቴክኔ» ነው፤ የመነጋገር ጥበብ። ፕላቶ «ክራቲሎስ» በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስን እንዲህ ያስጠይቀዋል፦ መጠየቅና መመለስ የሚያውቅን ሰው «ዲያሌክቲኮስ» ከማለት በቀር ሌላ ምን ትለዋለህ? የጥያቄና መልስ ዓምድ ለሚይዝ ሰው ይህ ትልቅ ቃል ነው፤ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌዋለሁ።

ስለዚህ ለጓደኛህ እንዲህ በለው፦ አንዷ አፋችን እንዴት እንደሚናገር ትገልጻለች፣ ሌላዋ ንግግሩ ምን እንደሚሠራ። እናታቸው ግን አንድ ናት።

ጥያቄ፦ «ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። አሁን አዲስ አበባ ነን። ልጄ ክፍል ውስጥ ‹ሄድሁ›፣ ‹ነገርሁህ› ሲል መምህሩ ‹ይህ ዲያሌክት ነው፤ በትክክለኛው አማርኛ ተናገር› አለው። ይኸው አሁን ቤት ገብቶ እኔን ያርመኛል። ዲያሌክት ማለት የተበላሸ ቋንቋ ማለት ነው እንዴ?»

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። ደብዳቤሽን ሳነብ ተናድጃለሁ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ መጽሐፍ ቅዱስሽን ግለጪ። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2፣ የጰራቅሊጦስ ዕለት። የጳርቴ፣ የሜድ፣ የኢላሜጤ ሰዎች ሐዋርያትን እያንዳንዳቸው «በገዛ ቋንቋቸው» ሰሙ ይላል። በግሪኩ ቁጥር 6 እና ቁጥር 8 ላይ «ቋንቋ» ለተባለው የቆመው ቃል ዲያሌክቶስ ነው። ምዕራፍ 21 መጨረሻ ላይም ጳውሎስ ለሕዝቡ በዕብራይስጥ ሲናገር ያው ዲያሌክቶስ ይገባል። የተበላሸ ማለት ቢሆን ኖሮ ሉቃስ እዚያ ቦታ ላይ ያስገባው ነበር?

ግሪኮች ራሳቸው አንድ ወጥ ግሪክኛ አልነበራቸውም። አቲክ፣ አዮኒክ፣ ዶሪክና ኤዎሊክ የሚባሉ ትልልቅ ቀበልኛዎች ነበሯቸው። አቴናዊው ባሕርን «ታላታ» ሲል ሌላው «ታላሳ» ይላል። አቴናዊው እናቱን «ሜቴር» ሲል ዶሪኩ «ማቴር» ይላል። የኛ «ሄድኩ» እና «ሄድሁ» ማለት ነው። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ ደግሞ በትንሿ እስያ የሚኖሩት አዮናውያን ብቻ አራት ዓይነት አነጋገር አላቸው ብሎ ከተማ በከተማ ቆጥሯቸዋል። ሳሞስ ደሴት ብቻዋን አንዱን ይዛለች።

ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። ሄሮዶቱስ የተወለደባትን ሃሊካርናሶስን የቆረቆሯት ዶሪኮች ናቸው፤ ታሪኩን የጻፈው ግን በአዮኒክ ነው። የሕክምና አባት የሚባለው ሂፖክራተስ የኮስ ደሴት ሰው ነበር። ኮስም የዶሪክ ተናጋሪ አገር ናት፤ በስሙ የሚታወቁት የሕክምና መጻሕፍት ግን በአዮኒክ ተጽፈዋል። ገጣሚዋ ሳፎ በሌስቦስ ደሴት ኤዎሊክ ገጠመች። አቴናዊ የቴአትር ጸሐፊ ደግሞ ኅብረ ዝማሬ ሲጽፍ የዶሪክ ለዛ ያስገባበታል። ቀበልኛ የድርሰት ዓይነት ምልክት ነበር። ታሪክ በዚህ፣ መዝሙር በዚያ።

አይቀልዱም ነበር ማለቴ ግን አይደለም። የአቴንሱ የቀልድ ቴአትር ጸሐፊ አሪስቶፋነስ የሜጋራንና የስፓርታን ሰው መድረክ ላይ ሲያወጣ በየአነጋገራቸው እያስመሰለ አቴናውያንን ያስቃል። የአቴንስ ሰው በሌላው አፍ መሳቅ ይወድ ነበር።

ለዚህ መልስ የሰጠችውን ሴት ግን ላስተዋውቅሽ። ቴዎክሪቶስ የተባለ የ3ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገጣሚ አለ። በአንዱ ግጥሙ ጎርጎና ፕራክሲኖዋ የሚባሉ ሁለት ሴቶች እናገኛለን። የሲራኩስ ሰዎች ናቸው፤ የሚኖሩት ግን እስክንድርያ። በዓል ለማየት ወደ ንጉሡ ግቢ ይሄዳሉ። ግፊያው ለጉድ ነው። ገብተው የተንጠለጠለውን ጨርቅ እያደነቁ ሲያወሩ አንድ ሰው ይቆጣቸዋል። እንደ ዋኖስ አትንጫጩ፣ አፋችሁን እየከፈታችሁ በዚህ አነጋገር ገደላችሁን ይላል። ፕራክሲኖዋ ዝም አትልም። ይህ ደግሞ ከየት መጣ? ብናወራስ አንተን ምን አገባህ? የገዛህውን ባሪያ እዘዝ፤ እኛ የሲራኩስ ሰዎች ነን፣ ዘራችን ከቆሮንቶስ ነው፣ የምንናገረውም የፔሎፖኔዝ ነው፤ ዶሪክ የሆነ ሰው ዶሪክ መናገር ይፈቀድለታል መሰለኝ! ትለዋለች። ልጅሽ በሚቀጥለው ጊዜ ሲያርምሽ ይህችን ሴት ንገሪው።

ከታላቁ እስክንድር በኋላ ነው «ኮይኔ» የሚባለው የጋራ ግሪክኛ የተስፋፋው። መሠረቱ አቲክ ነው፤ አዮኒክም ገብቶበታል። አዲስ ኪዳን የተጻፈው በሱ ነው። ወደኛም የመጣው እሱ ነው፤ የአክሱም ነገሥታት ገንዘባቸው ላይ ያስቀረጹት፣ ዒዛናም ከግዕዙ ጎን በድንጋይ ያስጻፈው ግሪክኛ የዚሁ ወገን ነው። ግሪኮቹ ይህንንም ምን ብለው ጠሩት? «ኮይኔ ዲያሌክቶስ»፤ የጋራው ዲያሌክት። መደበኛውም እንደሌሎቹ ዲያሌክት ነው የተባለው።

መምህሩ የልጅሽን አነጋገር ዲያሌክት ማለቱ ስሕተት የለበትም። አዲስ አበባ የምንናገረውም ዲያሌክት መሆኑን አለመንገሩ ነው ጥፋቱ። ደግሞስ «ሄድሁ»ን ማን ነው ትክክል አይደለም ያለው? የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዮሐንስ 15 ላይ «ነገርኋችሁ» ይላል እንጂ «ነገርኳችሁ» አይልም። ልጁ ለፈተና መደበኛውን ይወቅ፤ ይጠቅመዋል። ቤት ገብቶ እናቱን ያርም ግን የሚል ሕግ የለም።

ጥያቄ፦ «ዲያሎግ ‹ዲ› ማለትም ሁለት ስላለበት የሁለት ሰው ንግግር ብቻ ነው ይባላል። ሦስት ሰው ከሆነስ?» (ከሐዋሳ)

መልስ፦ «ዲ» ሳይሆን «ዲያ» ነው፤ ሁለት የሚለው ቁጥር እዚህ የለም። አሥር ሰውም ዲያሎግ ያደርጋል። «ዲያ»ን በሌላ ቦታ ያውቋታል። ዲያስፖራ ከዳር እስከ ዳር መበተን ነው፤ ግሱ ዘር መዝራት ነው። ዲያብሎስም ከ«ዲያባሌይን» የወጣ ነው፤ በመካከል መወርወር፣ ከዚያም ስም ማጥፋት። በሰዎች መካከል ነገር የሚወረውር ማለት ነው። ዲያሎግና ዲያብሎስ አንድ መስተዋድድ ይዘው ወዴት ወዴት እንደሄዱ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በተማሪነት ዘመናችን በጥናት ክበብ ተሰብስበን ዲያሌክቲካል ማቴሪያሊዝም እናጠና ነበር። ‹የተቃራኒዎች አንድነትና ትግል›፣ ቴሲስ፣ አንቲቴሲስ፣ ሲንተሲስ እያልን ሸምድደናል። ዲያሌክቲክ በግሪክኛ ትግል ማለት ነው ተብለን ነበር። ስንት ጓድ በዚህ ቃል ሲማማል አይቻለሁ። ቃሉ እውነት ይህን ይላል?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ቃሉ ትግል አይልም። እርስዎ የጠቀሱትን ትምህርት በዓለም ዙሪያ ያሠራጨው የስታሊን ጽሑፍ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው፣ ቃሉ ከግሪኩ «ዲያሌጎ» የመጣ ነው፣ መነጋገርና መከራከር ማለት ነው ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ትግሉ የሚያልፈው።

ግሪኮች ለጠብና ለፉክክር ሌላ ቃል ነበራቸው። «ኤሪስ» ይሉታል፤ የጠብ አምላክ ስምም ነው። ለመርታት ብቻ የሚከራከረውን ሰው «ኤሪስቲኮስ» አሉት። ፕላቶ «ሜኖን» በሚባለው ድርሰት ሁለቱን ፊት ለፊት ያቆማቸዋል። ሶቅራጥስ እንዲህ ይላል፦ የሚጠይቀኝ ሰው ከነዚያ ጠበኞች አንዱ ቢሆን ኖሮ «መልሴን ሰጥቻለሁ፣ ስሕተት ከሆነ ማፍረስ ያንተ ፈንታ ነው» እለው ነበር። እንደ እኔና አንተ ያሉ ወዳጆች መነጋገር ሲፈልጉ ግን መልሱ ገራም መሆን አለበት፤ ዲያሌክቲካዊም መሆን አለበት። ዲያሌክቲካዊ መልስ ማለት ደግሞ እውነት መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ጠያቂው «ይህን አውቃለሁ» ብሎ በተቀበለው ነገር በኩል የሚሄድ መሆን አለበት።

ጋሼ፣ «ገራም» የሚለውን ልብ ይበሉልኝ። ግሪኩ ላይ ቃል በቃል አለ፤ ከ«ዲያሌክቲካዊ» ጎን ተቀምጧል። እኔ ስለዚህ ቃል አንድ ነገር ብቻ ተናገሪ ብባል ይህን ነው የምናገረው። የኛ አባቶች በላ ልበልሃ ሲሟገቱ ውበቱ ሌላ ነው፤ ግን ዳኛ አለ፣ ረቺና ተረቺ አለ። ሶቅራጥስ የሚለው ጥበብ ውስጥ ተረቺ የለም። የተሳሳተው ሰው ነው ይበልጥ የሚያተርፈው።

ፕላቶ ክፉውንም ጎን ያውቅ ነበር። «ፖሊቴያ» በተባለው መጽሐፉ 7ኛ ክፍል ወጣቶች ክርክርን ገና ሲቀምሱ እንደ ቡችላ ያገኙትን ሁሉ መጎተትና መቦጨቅ ይወዳሉ ይላል። ስለዚህ ይህን ጥበብ ሰው ከ30 ዓመቱ በፊት አይማረው፤ ከዚያ በኋላ 5 ዓመት ይማረው ብሎ ወሰነ። በእናንተ ዘመን የነበሩት የብዙዎቹ ዕድሜ ከ30 በታች እንደነበር አስባለሁና ይህን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይከብዳል።

የቀረውን ባጭሩ። አርስቶትል የዲያሌክቲክ ጀማሪ የኤሌያው ዜኖን ነው ማለቱ ይነገራል፤ ፈጣኑ አኪሌስ ቀድማው የተነሳችውን ኤሊ አይደርስባትም ያለው ሰው። አርስቶትል ራሱ ዲያሌክቲክን ሰዎች በጋራ ከሚቀበሉት አስተያየት ተነስቶ ማመዛዘን አደረገው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ከሰዋስውና ከንግግር ጥበብ ጋር ሦስተኛ ሆና ለተማሪ ሁሉ ትሰጥ ነበር። ካንት አእምሮ ከአቅሙ በላይ ሲሄድ የሚፈጥረውን ማሳሳቻ የሚያጋልጥ ምርመራ አደረጋት። ሄግል ደግሞ ከሰው አፍ አውጥቶ የሐሳብና የታሪክ የራሱ እንቅስቃሴ ናት አለ። እዚህ ላይ ነው ተነጋጋሪዎቹ የጠፉት። ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1873 «ካፒታል» ላይ በጨመረው የመዝጊያ ቃል ሄግል ዘንድ በጭንቅላቷ ቆማለች፣ መገልበጥ አለባት ብሎ ጻፈ።

ቴሲስ፣ አንቲቴሲስ፣ ሲንተሲስ የምትለዋን ሦስትዮሽ የሄግል ናት ብለው ከሸመደዱ ደግሞ፣ እሱ ፍልስፍናውን በሷ አላጠቃለለም። እንዲያውም ነገርን ሁሉ በሦስት መክተፍን ሕይወት የሌለው ቀመር ብሎ ነቅፏል። ሦስቱን ቃላት የተጠቀመባቸው ጀርመናዊው ፈላስፋ ፊኽተ ነው፤ ለሄግል የለጠፉለት በኋላ የመጡ አስተማሪዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ «ኢዲዮሌክት የሚል ቃል መማሪያ መጽሐፍ ላይ አገኘሁ። ከ‹ኢዲዮት› ጋር ይገናኛል?» (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ በሥር ይገናኛሉ፤ ስድብ ግን የለበትም። «ኢዲዮስ» የራስ፣ የግል ማለት ነው። «ኢዲዮቴስ» ሹመት የሌለው ተራ ሰው ነበር፤ ስድብ የሆነው ቆይቶ ነው። ኢዲዮሌክትን እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው በርናርድ ብሎክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልሳን ሊቅ ነው፤ የአንድ ሰው ብቻ የሆነ አነጋገር ማለት ነው። ቃሉ አዲስ ይሁን እንጂ ሁለቱ ግማሾቹ ቀድሞም ተጎዳኝተው ያውቃሉ። ከላይ በሐዋርያት ሥራ «በገዛ ቋንቋው» ያልነው በግሪኩ «ኢዲያ ዲያሌክቶ» ነው።

ጥያቄ፦ «ዳያሌክት ወይስ ዲያሌክት? ጽሑፍ አራሚ ነኝ፤ ቢሮ ውስጥ ተጣልተንበታል።»

መልስ፦ «ዳያ» በእንግሊዝኛ አፍ በኩል የመጣው ነው። ግሪኩ «ዲያ» ነው፤ እኛም ዲያብሎስን፣ ዲያሜትርንና ዲያስፖራን በ«ዲ» ለምደናል። ስለዚህ «ዲያሌክት» ቢጽፉ ከወንድሞቹ ጋር ይሰለፍልዎታል። አማርኛውን ካሉ ደግሞ «ቀበልኛ» እና «ዘዬ» አሉ። እኔ የአንድ አካባቢ አነጋገር ለማለት ቀበልኛን እመርጣለሁ፤ ዘዬ የድምፅ ቃናንም ስለሚጨምር ሰፋ ይላል። ዲያሌክቲክን ግን እንዳለ ይተዉት፤ ጎን ለጎን ሲታተሙ አንባቢ ዝምድናቸውን በዓይኑ ያየዋል።